የኮሮላዬ አየር መውጫ፣ ሶስት ቅዳሜ የፈጀብኝ ጥገና

ሰላም እንዴት ናችሁ። መኪናዬን ራሴ መነካካት ልጀምር ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር፣ እና ይሄ ጨርሼዋለሁ የምለው የመጀመሪያ ስራዬ ስለሆነ ከነስህተቱ ልጻፍላችሁ። መኪናዋ በፈረንጅ የ1994 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ የአየሩ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክ ምናምን የለበትም፣ በእጀታ ወደ ግራና ቀኝ የምትገፉት ዓይነት ነው።

የተበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመሃሉ አየር መውጫ ላይ ካሉት ቀጫጭን ክንፎች አንዷ ወድቃ ሌሎቹን ይዛቸው ነበር፣ አየሩን ወደፈለጋችሁበት ማዞር የለም። ሁለተኛውና ዋናው፣ አየሩን ፊት ላይ ወይ እግር ላይ ወይ የፊት መስታወት ላይ የሚልከው እጀታ ባዶውን ይሄዳል፣ ብትገፉት ብትመልሱት አየሩ ሁሌ ፊት ላይ ነው።

በጋ ላይ ችዬው ነበር። ሐምሌ 21 ግን እማዬን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንጦጦ ማርያም አድርሻት ስንመለስ ሁለታችንም ጋቢያችን ረጥቧል፣ ውጪው ይበርዳል፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንጀምር የፊት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ጭጋግ ለበሰ። ዋይፐሩ ምን ያደርጋል፣ ጭጋጉ ከውስጥ ነው። እማዬ በአንድ እጇ ሶፍት ይዛ እኔ ፊት ያለውን ትጠርግልኛለች፣ በሌላው ታማትባለች፣ እኔ ፍሬን ላይ ቆሜ ነው የወረድኩት። እዛ መንገድ ላይ ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ፣ አንዷን ሳላያት ብቀርስ? ቤት እስክንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዛን ቀን ነው ይሄ ነገር የምቾት ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ትንፋሻችንና የረጠበው ልብሳችን እርጥበት አለው፣ መስታወቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥቡ አየር ሲነካው ውሃ ይሆናል። መፍትሄው መስታወቱ ላይ ሞቃት አየር መልቀቅ ነው፣ ኤሲው የሚሰራ ከሆነም ማብራት፣ ምክንያቱም ኤሲ አየሩን ያደርቀዋል። አየሩን ከውጪ አታስገባ ውስጥ ያለውን ብቻ አዙር የምትለዋን ቁልፍ ደግሞ በዝናብ ጊዜ አትንኳት፣ እርጥበቱን መልሳ መላልሳ እናንተው ላይ ነው የምታዞረው። የኔ መኪና ኤሲ ከድሮም አይሰራም፣ ስለዚ ሄተሩ ብቻ ነው ተስፋዬ፣ እሱም ወደ መስታወት አልሄድ አለ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) በሙሉ ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ከነእጀታው ይቀየራል፣ ለእጅ ብቻ 9 ሺህ ብር አሉኝ፣ እቃውን አንቺ ታመጫለሽ። ከፍተው ሳያዩ ነው ይሄን ያሉኝ፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ይዣት ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የክንፎቹ ነበር። ጠዋት ብርድ ላይ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል፣ መኪናዋን እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆምኳት፣ ከዛ በካቻቢቴ ፈንታ ያለቀ የባንክ ካርድ በጨርቅ ጠቅልዬ ጠርዙን ቀስ እያልኩ ፈለቀቅኩት፣ አየር መውጫው እንዳለ ወጣ። ክንፎቹ ከኋላ በአንዲት ዘንግ የተያያዙ ናቸው፣ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፉ ላይ የክብሪት እንጨት ግማሽ የማታክል እግር አለችው፣ ዘንጓ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ። የኔዋ ክንፍ እግሯ ተሰብሯል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት። ይሄ ስህተት ነበር፣ ማጣበቂያው ቀጭን ስለሆነ ሾልኮ ጎረቤቷን ክንፍ አብሮ ያዘ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ እንደ አመዳይ ነጭ ነገር ተኛበት፣ እግሯም ገና አንዴ ሳዞራት ተነቀለች። ሚጢጢ ቦታ ላይ ግፊት ያለበትን ነገር ማጣበቂያ ብቻውን አይችለውም።

የሰራው አግራፍ ነው። አዎ የወረቀት አግራፍ። አንድ ሴንቲ ያህል ቆርጬ፣ በፒንሳ ይዤ፣ ሻማ ላይ አግዬ፣ እግሯ በነበረችበት ቦታ ላይ ቀጥ አድርጌ ሰካሁት። ፕላስቲኩ ትንሽ ይቀልጥና ሲበርድ ሽቦውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሶስት አራት ሚሊ ከገባ በቂ ነው፣ ካለፈ በሌላ በኩል ይወጣል፣ እስኪበርድ ደግሞ እጃችሁ መነቃነቅ የለበትም። ሽታው መጥፎ ነው፣ መስኮት ክፈቱ። የተረፈውን በልኩ ቆርጬ ዘንጓ ውስጥ አስገባሁት፣ ይኸው እስከዛሬ በአንድ ጣት ትዞራለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ ባክኗል ማለት ይቻላል። እጀታው ባዶውን ስለሚሄድ ችግሩ እጀታው ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ የሬዲዮውን ዙሪያ ፈታሁ፣ መቆጣጠሪያውን ወደ ፊት ሳብኩ፣ ግማሽ ቀን ሄደ፣ ምንም የተሰበረ ነገር የለም። ሱማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ መቆጣጠሪያ ጠየቅኩ፣ 4 ሺህ 500 ብር፣ ልገዛ ነበር። ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት ጎረቤታችን የሆኑ በጡረታ ያሉ መካኒክ ጋ ጎራ አልኩ። ጋሼ ቡናቸውን እየጠጡ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ እጀታውን ተይውና ካቦውን ተከተይ። አንድ ሰው እጀታውን ይግፋልሽ፣ አንቺ ከስር ሆነሽ እይ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ታናሽ ወንድሜን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ እኔ በጀርባዬ ከመሪው ስር ገባሁ፣ የስልክ ባትሪ አፌ ላይ። «ግፋ» አልኩት። ከቤንዚን መስጫው በላይ፣ ከሄተሩ ሳጥን ጎን፣ ካቦዋ አለች፣ እና እሱ እጀታውን ሲገፋ የካቦዋ ሽፋን ራሱ እንደ እባብ ሲሸሽ አየሁት፣ ጫፏ ላይ ያለው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን የአየር በር የሚያዞረው የሄተሩ ክንድ ግን ንቅንቅ አይልም። «መልስ» አልኩት፣ ሽፋኑ ተመልሶ መጣ። ያኔ ነው የበራልኝ። የሳይክል ፍሬን የሰራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ካቦ ማለት ላዩ ሽፋን ውስጡ ሽቦ ነው፣ ሽቦው ሊገፋና ሊስብ የሚችለው ሽፋኑ ሁለቱም ጫፍ ላይ ከተያዘ ብቻ ነው፣ ሽፋኑ ከተለቀቀ የምትሰጡት ጉልበት ሁሉ ሽፋኑን በማንፏቀቅ ያልቃል። ሽፋኑን የምትይዘው ክሊፕ የገባችባት የፕላስቲክ ጉጥ ተሰብራ ነበር። በቃ ይቺው ናት። እኔ ግማሽ ቀን የፈታሁት ሌላ ቦታ፣ ጋራዡ 9 ሺህ የጠየቀኝ ሌላ ነገር።

ሶስተኛው ቅዳሜ ያቺን ጉጥ መተካት ነበር። ጉጧን በማጣበቂያ እንዳልመልሳት ሳጥኑ ላይ የታተመችው ምልክት ፒፒ ትላለች፣ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፣ ለሱፐር ግሉ የማይመች ፕላስቲክ ነው። ኤቢኤስ የሚል ካያችሁ ግን በደንብ ይያያዛል። ስለዚ ከማጣበቃችሁ በፊት የፕላስቲኩን ጀርባ አንብቡ፣ እኔ ክንፎቹ ላይ ይሄን አላወቅኩም ነበር። መጀመሪያ በኬብል ታይ አሰርኩት፣ ለሁለት ቀን ሰራና ተንሸራተተ። ከዛ ከድልህ ጣሳ ላይ ቀጭን ቆርቆሮ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለዘብኩት፣ እንደ ኮርቻ አጎበጥኩት፣ ካቦውን እንዳይቆርጠው ከስሩ የከመነዳሪ ቁራጭ አደረግኩና በሁለት አጫጭር ብሎን ሳጥኑ ላይ አሰርኩት። ብሎኑ አጭር መሆን አለበት፣ ረጅም ከሆነ ውስጥ ያለችውን የአየር በር ይነካና ጭራሽ ትቆልፏታላችሁ።

ከማጥበቃችሁ በፊት ልኩን ያዙ፣ ይሄ የስራው ግማሽ ነው። እጀታውን መስታወት የሚለው ምልክት ላይ እስከ መጨረሻው አድርሱት፣ ከስር ደግሞ የሄተሩን ክንድ በእጃችሁ ወደ መስታወት መጨረሻ ግፉት፣ የሽፋኑን ልልነት ሳቡትና እዛው ላይ አጥብቁ። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ አጥብቄው ሳየው አየሩ ግማሹ እግር ላይ ይፈስ ነበር፣ ፈትቼ እንደገና ሰራሁት። የናንተ መኪና ኤርባግ ካለው ደግሞ ክሩስኮት ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉና ጠብቁ፣ ቶዮታ ከሆነ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሌላ መኪና ከዛ በላይ ሊፈልግ ይችላል፣ ይሄን አደራ። ስትጨርሱም ፔዳሎቹ አካባቢ የቀረ መፍቻ ወይ ብሎን እንዳይኖር በእጃችሁ ዳብሱ።

ጠቅላላ ወጪዬ ለብሎን፣ ለኬብል ታይና ለሱፐር ግሉ 200 ብር አይሞላም፣ ቆርቆሮው ከቤት፣ አግራፉ ከቢሮ። ነሐሴ 21 ከእማዬ ጋር እንደገና እንጦጦ ወጣን፣ ስንመለስ ዝናብ ነበር፣ ሄተሩን መስታወት ላይ አደረግኩት፣ ጭጋጉ ከታች ጀምሮ እየተጠረገ ወደ ላይ ወጣ። እማዬ ሶፍቱን አውጥታ ይዛ ነበር፣ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ቬንትሌተሩን ከፍ ሳደርገው ከመውጫው ጥቁር ፍርፋሪ ይተፋል፣ የሄተሩ ሳጥን ውስጥ ባሉት የአየር በሮች ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ አርጅቶ እየተበተነ ነው መሰለኝ። ሳጥኑን ሳያወርድ ስፖንጁን የቀየረ ካለ ምን ዓይነት ስፖንጅና ምን ማጣበቂያ እንደተጠቀመ ይንገረኝ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ላይ ነኝ።