ከሣር ወደ ሬትና አሪቲ፦ አዳማ ላይ ከሰርዶ ጋር የያዝኩት ትግል

ሰሞኑን አዳማ ላይ ዝናብ ጣል ጣል አድርጎ ነበር። ዝናብ በነካው ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል የሚወጣው ሰርዶ በዚህ ዙር የግቢዬ መሃል ላይ ብቅ አላለም። የፊት ግቢዬን ሣር አንስቼ ውሃ በማይፈጁ ተክሎች መተካት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተመሳሳይ ሐሳብ ይዛችሁ "ከየት ልጀምር?" ለምትሉ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ለምን ነቀልከው ለሚል መልሱ ውሃ ነው። 50 ካሬ ገደማ ሣር ነበረኝ። በበጋ ፀሐይ ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ለአንድ ካሬ በቀን 4 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ለ50 ካሬ 200 ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትሩ ሲመነዘር በየቀኑ 10 ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ ውስጥ ያለውን ለሣር ማፍሰስ ልብ አይፈቅድም። ልብስ ተቆልሎ፣ ዕቃ ሳይታጠብ አድሮ፣ ሣሩ ግን ጠጥቶ ያድራል። ይሄ ልክ አልመሰለኝም።

ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የዴንቨር ከተማ የውሃ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. "ዜሪስኬፕ" የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ ሣሩን ለሚነቅል ነዋሪ በስፋቱ ልክ ገንዘብ ይከፈለዋል። ነገር ግን የእነሱን የተክል ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። የኛ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል፤ በበልግ ትንሽ ይቀምሳል፤ የቀረው ደረቅ ነው። ይህንን የለመዱ ተክሎች ድሮም በእናቶቻችን ጓሮ ነበሩ።

ዕቅድ ማውጣቱ፣ መለካቱ፣ የትኛው ጥግ ፀሐይ እንደሚያገኝ ማየቱ ቀላል ነበር። እሱን ልዝለለው። ሥራው ያለው ሣሩን ማንሳቱ ላይ ነው። ሣሬ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በሰርዶ የተወረረ ነበር፤ በኦሮምኛ ጮቆርሳ የሚባለው።

"እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" አለች አህያ ይባላል። እሷ ሞተችም አልሞተች ሰርዶ መብቀሉን አይተውም። ጎንበስ ብላችሁ አንዱን ሥር አውጥታችሁ እዩት። ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በየአውራ ጣት ስፋቱ አንጓ አለው። ጫፉ ቢጫ ብሎ ይሾላል፤ ጣት ይወጋል። ከእያንዳንዱ አንጓ ላይ ትንሽ እምቡጥ ተለጥፎ ታያላችሁ። አንድ አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረ አዲስ ሰርዶ ነው። ከላይ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል፣ ከታች ደግሞ እንዲሁ። እንደ አዳማ ባለ ልል አፈር ውስጥ ከክንድ በላይ ጠልቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አብሮኝ የቆፈረው የቀን ሠራተኛ ገና የመጀመሪያውን ዶማ ሳሳርፍ አስቆመኝ። "ጋሼ፣ ዶማውን ይተውት። ይሄ ተቆርጦ የሚሞት አይደለም። በቆረጡት ቁጥር ይወልዳል" አለኝ። ልጁ ገጠር ያደገ ነው፤ ያውቃል። ዶማ፣ ማረሻ፣ በሞተር የሚሠራው መቆፈሪያ፣ ሁሉም አንዱን ሥር አሥር ያደርጉታል። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው መንሽ ነው። ባለ ብረት ጥርሱን ማለቴ ነው፣ የእንጨቱ አይችለውም። ጥርሱን ወደ ታች ሰክቶ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ፣ አፈሩን ፈንቀል ማድረግ ነው። ሥሩ ሳይበጠስ ተያይዞ ይወጣል።

አሁን ወደምወደው ዕቃ ልምጣ። የአሸዋ ወንፊት። ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበት፣ በእንጨት ፍሬም የተወጠረው ሽቦ። ከዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ወንፊቱን እመርጣለሁ። ግድግዳ ላይ አዘንብላችሁ ታቆሙታላችሁ። የተፈነቀለውን አፈር በአካፋ ትወረውሩበታላችሁ። አፈሩ ያልፋል፤ ሥሩ በሽቦው ላይ ተንሸራቶ እግራችሁ ሥር ይከመራል። ዓይን የማያየው፣ ጣት የማይለቅመው ቁራጭ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል። ንጹህ ነው ብዬ የተውኩትን አፈር እንደገና ስነፋው የወጣውን ሥር ብታዩት ታምኑኛላችሁ።

ይህ የሚሆነው አፈሩ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። የአዳማ አፈር አመድማ ነው፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት፣ ሲደርቅ የሚበተን። ለወንፊት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የቢሾፍቱ አካባቢ ጥቁር መረሬ ላይ ያላችሁ ግን አትሞክሩት፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ጭቃ ነው።

ስለዚህ ጊዜው ወሳኝ ነው። መስከረም ሲወጣ ማጠጣት አቁሙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቆፍሩ። የወጣውን ሥር ሲሚንቶ ወለል ወይም ቆርቆሮ ላይ በስሱ አስጡት። የአዳማ ፀሐይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ያደርገዋል። ያኔ ሞቷል። ሲታጠፍ የሚለመጥ ከሆነ ገና በሕይወት አለ። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ እንዳትጨምሩት። ከበር ውጭም አትጣሉት፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ቪዲዮ ላይ "ካርቶን አንጥፋችሁ ከላይ አፈር ድፉበት፣ ሣሩ ይሞታል" የሚሉትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ለሌላ ሣር ይሠራ ይሆናል። ለሰርዶ አይሠራም። ያ የሾለ ጫፍ የራሰ ካርቶን በስቶ ይወጣል፣ መገጣጠሚያም ፈልጎ ይወጣል። ፕላስቲክ አልብሶ በፀሐይ ማቃጠሉ የተሻለ ነው። ለዚህ የሚሆነው ብርሃን የሚያሳልፈው ነጩ ፕላስቲክ ነው፤ አፈሩ ከሥር መርጠብ አለበት፤ ዳርና ዳሩም በደንብ መቀበር አለበት። ከላይ ያለውንና ዘሩን ይጨርሳል። ጥልቁን ሥር ግን አይደርስበትም፣ ዳሩ ላይም ይተርፋል። በዚያ ላይ የአዳማ ነፋስ ፕላስቲክ አያስቀምጥም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም።

መድኃኒትስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ቆፍሬና ነፍቼ ብቻ ጨረስኩት ብል ለጆሮ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከጎረቤት ጋር በሚያዋስነን አጥር ሥር ግላይፎሴት ያለበት የአረም ማጥፊያ ተጠቅሜያለሁ። ሥሩ ከግንቡ መሠረት በታች እየተሻገረ ስለሚመጣ ቆፍሮ መጨረስ አይቻልም። አልረጨሁትም። በዚህ ነፋስ መርጨት ማለት የጎረቤትን ጎመን ማድረቅ ነው። ጓንት አድርጌ በቀለም ብሩሽ ቅጠሉን ብቻ ቀባሁት። ጎረቤቴንም አስቀድሜ አነጋግሬያለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ሰርዶው አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ ነው። ቅጠሉ ጠጥቶት ወደ ሥር ሲያወርደው። በጋ ላይ በደረቀ ሣር ላይ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው።

ከቁፋሮው በኋላ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ምንም አትትከሉ። መሬቱ ባዶውን ይቆይ። እናቴ ይህንን ስታይ "ልጄ፣ ግቢውን እኮ አውድማ አደረግከው" ብላ አዝና ነበር። እውነቷን ነው፣ ለዓይን አያምርም። ሆኖም የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ጠብቁ። ካልመጣ ራሳችሁ አንዴ በደንብ አጠጡት። የተረፈው ሥር ያኔ ራሱን ያጋልጣል። አረንጓዴ ነጥብ ባያችሁበት ሁሉ መንሹን ሰክታችሁ ከነሥሩ አውጡ። ቅጠል አብጅቶ ሥሩን መመገብ ሳይጀምር ከተነቀለ ይደክማል። ደጋግሞ የተነቀለ ሰርዶ በረሃብ ይሞታል። ቸኩሎ የተከለ ሰው ግን ችግሩን ቀብሮታል። እንደ ሥጋ መጥበሻ ባለ ተክል ሥር መካከል የተጠላለፈ ሰርዶ ተክሉን ሳይነቅሉ አይወጣም።

በአጥሩ በኩል ለዘለቄታው ያደረግሁት ላሜራ መቅበር ነው። ክንድ የሚያህል ጥልቀት ቆፍሬ የላሜራ ቁራጭ በቁሙ አቆምኩ፤ ጫፉን ከመሬት በላይ ትንሽ አስቀረሁ። በላይ በኩል የሚሳበው ጫፉ ላይ ሲወጣ ይታየኛል፣ እቆርጠዋለሁ። አንዱ ጥግ ላይ ግን ዛሬም ይመጣል። የውሃ ቱቦ የሚያልፍበት ስለሆነ ላሜራው አልደረሰም። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደማደርግ ገና አልቆረጥኩም። ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አፈሩን የማልበስ ነገር አለ ደግሞ፣ ጉዝጓዝ። የጤፍ ጭድ በየቦታው ስለሚገኝ ሁሉም እሱን ይመክራል። ለጓሮ አትክልት ግሩም ነው። ለአዳማ የፊት ግቢ ግን አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጭዱ የሰፈሩ ይሆናል። እኔ ሬድ አሽ ነው ያለበስኩት። ያ ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር። በአህያ ጋሪ ይመጣል፣ ነፋስ አያነሳውም፣ ዝናቡን ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ያቆያል። አራት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፉ የሚሏችሁን አትስሙ። ውሃ አይገባም፤ ነፋስ ያመጣው አቧራ ከላይ ተከምሮ አረም ያበቅላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሣሩን ካነሱ በኋላ ግቢውን በሙሉ ሴራሚክና ሲሚንቶ የሚያለብሱ ሰዎች ነገር ነው። ውሃ ቆጠብን ይላሉ። ግቢው በቀን ይግላል፤ ሙቀቱ ማታም ወደ ቤት ይገባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውሃው መግቢያ ያጣና ወደ መንገድ ይወርዳል። አዳማ ከተራሮቹ በሚወርድ ጎርፍ ስንት ጊዜ እንደተቸገረች እናውቃለን። መቶ ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ከወረደ 2,000 ሊትር ነው። ያንን ውሃ መሬት ይጠጣው እንጂ ለምን ጎረቤት ላይ ይሂድ? እኔ የጣራውን አሸንዳ ወደ ግቢው መሃል አዙሬ፣ መሬቱን ሰፋ ያለ ጎድጓዳ አድርጌዋለሁ። ውሃው እዚያ ተኝቶ ይሰርጋል።

ተክሉን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠነክር መትከል ነው። የኔ ምርጫዎች፦ በግንቡ ጥግ ሬት፣ በመንገዱ ዳር ሥጋ መጥበሻና አሪቲ፣ በር አጠገብ ጤና አዳም፣ ከበሩ ላይ ቡገንቪሊያ፣ ጥላ ለሚያስፈልገው ጥግ አንድ ሽፈራው። ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች "ይሄ ውሃ አይፈልግም" ብለው ቅንጭብ ይሰጧችኋል። ውሃ አለመፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች ባሉበት ግቢ አልተክልም። የወፍ ቆሎንም አበባው ቢያምር አትትከሉት፤ ወፍ ዘሩን በልታ የሰው ማሳ ላይ ትዘራዋለች።

ውሃ የማይፈጅ ማለት ውሃ የማይጠጣ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው በጋ ላይ ሁሉም ውሃ ይፈልጋሉ። በየቀኑ ላይ ላዩን ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ለጤና አዳሙና ለአዲሶቹ ችግኞች የሸክላ ገንቦ ቀብሬያለሁ። ገበያ ላይ ሻጯን "ያልተሟሸ ስጪኝ" በሏት፤ የተሟሸ ውሃ አያሳልፍም። እስከ አንገቱ ቀብራችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ትከድኑታላችሁ። ውሃው በሸክላው እያላበ ለሥሩ ይደርሳል። ፀሐይም ነፋስም አይወስደውም።

ለእናቴ ቡና ማፍያ ከሽፈራው ጎን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፌያለሁ። በበዓል ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። መጀመሪያ ላይ ሣሩን ብትናፍቅም አሁን የጤና አዳሙን ቅጠል ለቡናዋ የምትቀጥፈው ከዚያው ነው።

ከሬቶቹ ሥር ቡቃያ መውጣት ጀምሯል። ሰኔ ላይ ነቅዬ አዳማ ላለ ሰው አካፍላለሁ። ወንፊቱንም አውሳለሁ፤ መንሹን ግን እስከ ሐምሌ እፈልገዋለሁ።