ጥቁር ቆዳን በጥቁር ቀለም መሳል

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሰዓሊዎች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሥዕሉን ጉዳይ ይተርካል፤ ቀለሙ በምን እንደተበጠበጠ አይነግረንም። በጥቁር አሜሪካዊው ሰዓሊ በኬሪ ጄምስ ማርሻል ሥራ ግን ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የሚስላቸው ሰዎች ቡናማም ጠይምም አይደሉም፤ ከቱቦ እንደወጣ ቀለም የጠቆሩ ናቸው። አገሩ «ጥቁር» ያለውን ሰው በእርግጥም ጥቁር አድርጎ ይስለዋል፤ ከዚያ ያ ሰው ሥጋና አጥንት ኖሮት እንዲታይ ይታገላል። ይህ ትግል ደግሞ ቀለም ማደባለቂያው ላይ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ የተጀመረው በ1980 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማርሻል 20 በ16.5 ሴንቲሜትር በምትሆን ወረቀት ላይ፣ በእንቁላል አስኳል በተበጠበጠ ቀለም፣ ጥቁር ሰው በጥቁር መደብ ላይ ሳለ። ኮቱም ባርኔጣውም ጥቁር ነው፤ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገቡት የዓይኑ ነጭ፣ ጥርሱና ሸሚዙ ብቻ ናቸው። መነሻው ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ራልፍ ኤሊሰን በ1952 ያሳተመው፣ ሰዎች ሊያዩት ስለማይፈልጉ የማይታይ ሰው የሚናገርበት ልቦለድ ነበር። ሐሳቡ በዚያች ወረቀት ላይ ሠርቷል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ ጥቁር ለትልቅ ሸራ አይበቃም፤ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ምስል ጉንጭና ትከሻ ይፈልጋል።

መፍትሔው ጥቁር ቀለም አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ማርሻል ሦስቱን ይጠቀማል። አይቮሪ ብላክ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ፎስፌት ነው፤ በከፊል ብርሃን ያሳልፋል፣ ሌላውን ቀለም የማጥቆር ኃይሉም ለስላሳ ነው። ካርቦን ብላክ ኃይለኛ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ይውጣል። ማርስ ብላክ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ድፍን ሆኖ ይሸፍናል፣ ሲቀጥን ወደ ቡናማ ያደላል። እነዚህን ለየብቻ ቀብታችሁ ጎን ለጎን ብታደርጓቸው ልዩነቱን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም።

ከዚያ እያንዳንዱ ላይ ኮባልት ሰማያዊ፣ ክሮሚየም ኦክሳይድ አረንጓዴ ወይም ዳይኦክሳዚን ሐምራዊ ይጨመራል። መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሐምራዊው በጣም ብርቱ ስለሆነ በቢላዋ ጫፍ የሚያዝ ይበቃል። አረንጓዴው ደካማ ነው፤ በርከት ብሎ ካልገባ መኖሩም አይታወቅም። ሰማያዊው በመካከል ነው። ወደ ብርሃን የሚዞረውን የፊት ክፍል በአንዱ፣ ወደ ጥላ የሚሄደውን በሌላው ብትሠሩት ሰውየው ሳይነጣ ቅርጽ ያገኛል።

የሚበላሸው ነጭ ሲገባ ነው። ቲታኒየም ነጭ ጥቁርን አያበራም፤ አመድ ያስመስለዋል፣ ቆዳውም የነጣና የተሰነጣጠቀ ይመስላል። ግንባር ላይ ማብራት ካስፈለገ የቀለሙን ዓይነት ቀይሩ እንጂ ነጭ አትጨምሩ። ሁለተኛው ችግር የአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም) ነው፤ ማያያዣው እርጥብ ሳለ የወተት መልክ ስላለው ሲደርቅ ቀለሙ ይጠቁራል። እርጥቡ ላይ የሚለዩ ሁለት ጥቁሮች በማግስቱ አንድ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ድብልቁን በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ሳያደርቁ ወደ ሸራው መሄድ ከንቱ ድካም ነው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጥቁሩን ያጠልቀዋል፣ ግን የመስኮት ነጸብራቅ ያመጣል፤ ማት (የማያብረቀርቅ) የሆነው ነጸብራቁን አጥፍቶ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ሌላዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሰዓሊ ኤሚ ሼራልድ ተቃራኒውን መንገድ መርጣለች። በ2018 የተመረቀው የሚሼል ኦባማ ሥዕሏ ላይ ቆዳው ግራጫ ነው፤ የምትበጠብጠው ከጥቁርና ከኔፕልስ ቢጫ ነው። ያን ጊዜ «አትመስልም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ግራጫው ሕይወት የሚያገኘው ቀሚሱና መደቡ ቀለሙን ስለሚሸከሙለት ይመስለኛል። ዘዴውን የሚቀዱ ጀማሪዎች ልብሱንም ሲያደበዝዙት ሥዕሉ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ካሜራም የራሱ አድልዎ አለው። የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ለረጅም ዓመታት የኅትመት ቀለምን የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱ «ሸርሊ» ይባል ነበር። በዛሬው ካሜራ ችግሩ ያለው የብርሃን መለኪያው ላይ ነው፤ ያየውን ሁሉ ወደ 18 በመቶ ግራጫ (ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ወደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ) ሊያመጣ ይሞክራል። የሠርግ ፎቶ የሚያነሱ ሐበሾች ይህን በደንብ ያውቁታል፦ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ከሞላው መለኪያው ብርሃኑን ይቀንስና የሙሽራዋ ፊት ይጠፋል። 1 ስቶፕ (የብርሃኑን እጥፍ) ያህል ጨምሩ። በተቃራኒው መለኪያውን ጠቆር ያለ ፊት ላይ ብቻ ካሳረፋችሁ 1 ስቶፕ ገደማ ቀንሱ፤ አለዚያ ቆዳው ይደበዝዛል። ብርሃኑ ሰፊና ከጎን የሚመጣ ይሁን፣ ለምሳሌ ትልቅ መስኮት። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹን በአብዛኛው የሚያሳየው በሚያንጸባርቀው ነውና፤ ጠባብ ፍላሽ ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ከመትከል ሌላ የሚጠቅመው የለም።

የማርሻልን ሥዕል በስልክ ማየትም የዚሁ ችግር ሰለባ ነው። ስልኩ ጥቁሩን ያነጣዋል ወይም ሦስቱንም ጥቁር አንድ ያደርጋቸዋል። ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ፤ በፌርፋክስ ጎዳና ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም አለ፣ የማርሻል የ1993ቱ የፀጉር አስተካካይ ቤት ሥዕልም የዚያ ስብስብ ነው። ሁልጊዜ አይሰቀልም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ስትደርሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ቀጥሎ ተጠጉና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሱ፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት አንግል ሲቀየር በፊት ያልታየው ጉንጭና ጣት ከጥቁሩ ውስጥ ይለያል።