ጣንታ

ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ ሳንታ ክሩዝ፣ ከዚያ ኮቻባምባ። ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። ትንሹ ልጄ አትላንቲክን ተኝቶ ተሻገረ። ትልቋ አንድ ፊልም አራት ጊዜ አየች። እኔና ባለቤቴ በየአየር ማረፊያው ስድስት ሻንጣ ስንቆጥር ቦሊቪያ ደረስን።

የማልረሳው ታክሲውን ነው። ሾፌሩ ሻንጣዎቹን ራሱ ጫነ። ለልጆቹ ከረሜላ ሰጣቸው። ስማቸውን ጠየቃቸው። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «120 ቦሊቪያኖ» አለን። ከፈልን። ማታ አከራያችን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሠላሳ ነበር እኮ!» አለች። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም፣ ከረሜላው ነው። ሊያታልል የመጣ ሰው ለምን ልጆቼን ያጫውታል? እዚህ ታክሲ ቆጣሪ የለውም፣ ሳይሳፈሩ ዋጋ መቁረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሳልከራከር ኮንትራት ይዤ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ድካሙ አፌን ያዘው።

ከተማው ግን ቶሎ ነው የተቀበለን። ኮቻባምባ 2,558 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ከአዲስ አበባም ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያው ሳምንት የመጡ አሜሪካውያን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፣ የእኔ ልጆች ይሮጣሉ። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ። ባሕር ዛፍ ደግሞ በየቦታው አለ። አንድ ማለዳ ጎረቤት ቅጠሉን ሲያቃጥል ሸተተኝና ወላይታ ሶዶ፣ እናቴ ጓሮ፣ የቆምኩ መሰለኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ከተማው ላይ ከተራራ ጫፍ እጁን ዘርግቶ የቆመ የክርስቶስ ሐውልት አለ። መቆሚያው ሳይቆጠር 34 ሜትር ያልፋል፣ ከሪዮ ዲ ጄኔይሮው ይበልጣል፣ ይህንን ሳይነግርህ የሚያልፍ የከተማው ሰው የለም። ትልቋ ልጄ የቤታችንን አቅጣጫ የምትለየው በእሱ ነው።

የመጣነው ለአገልግሎት ነው። ባለቤቴ ወንጌላዊ ነው፣ እኔ ነርስ ነኝ። የላከችን የሶዶ አጥቢያችን ናት። ዕቅዱ የመጀመሪያውን ዓመት ስፓኒሽ መማር፣ ከዚያ ኬችዋ የሚባለው ነባር የአገሬው ቋንቋ ወደሚነገርባቸው የገጠር ሸለቆዎች መሄድ ነበር። ቦሊቪያ ውስጥ ስፓኒሽን ጨምሮ 37 ቋንቋዎች በሕግ የመንግሥት ቋንቋ ናቸው። እኛ ግን ስፓኒሽ ሁሉንም በር የሚከፍት ቁልፍ ነው ብለን ነው የጀመርነው።

ጠዋት ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ትምህርት። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ዘይት «አሴይቴ» ነው። ስኳር «አሱካር» ነው። ሁለቱንም ስፔኖች ከዐረብኛ እንደወሰዷቸው መምህሯ ነገረችን። ሸሚዝ «ካሚሳ» ሲባል ቀሚስ ትዝ አለኝ። ኩባያ «ታሳ» ሲባል ጣሳ ትዝ አለኝ። ቀለል ያለ ቋንቋ ነው ብዬ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። በሦስተኛው ሳምንት ግሡ መጣ፣ ደስታዬም አለቀ። አንድ ግሥ ስንት ቦታ ይታጠፋል! በአራተኛው ወር ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት እንዲመራ ተጠየቀ። በጽሑፍ አዘጋጅቶ አነበበው። ጉባኤው በሙሉ «አሜን» አለ። ማታ ቤት ገብቶ «አነበብኩ እንጂ አልጸለይኩም» አለኝ። ይሄ ቃል እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ።

ሌላው ከባድ ነገር መንገድ ላይ ነው። እዚህ ጥቁር ሰው ሲያልፍ አንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ቆንጠጥ አድርጎ «ሱዌርቴ!» ይላል። ዕድል ማለት ነው። ጥቁር ማየት ዕድል ያመጣል የሚል ልማድ ነው። ክፋት የለውም ይሉሃል። ትልቋ ልጄ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «እማዬ፣ እኔን ሲያዩ ለምንድነው የሚቆነጣጠሩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሶዶ ውስጥ ስለ ቆዳዬ ቀለም አስቤ የማውቅ ሰው አይደለሁም። እዚህ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሁሉ አስበዋለሁ። ቦሊቪያ ውስጥ በባርነት ዘመን የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች አሉ፣ ብዙዎቹ ዩንጋስ በሚባሉት ሸለቆዎች ይኖራሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕገ መንግሥት ላይም በስማቸው ተጠቅሰዋል። ልጄን ይህንን አስተማርኳት። መቆንጠጡን ግን አልወደድኩትም፣ ወደፊትም አልወደውም።

አሁን ስለ አውቶቡሱ።

ለልጆቹ ወረቀት ማኅተም ለማስመታት ላ ፓዝ መሄድ ነበረብን። የሌሊት አውቶቡስ ያዝን። እዚህ «ፍሎታ» ይሉታል። የሰባት ስምንት ሰዓት መንገድ ነው ተባልን። ማሞቂያ አለው ተባልን። ማሞቂያው አልሠራም፣ የእኔ መስኮት ደግሞ አይዘጋም። ባለቤቴ ፎጣ ወተፈበት። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እኩለ ሌሊት ገደማ አውቶቡሱ ቆመ። ወደፊት አየን፣ የመኪና ጭራ መብራት ብቻ። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል። «ብሎኬዮ» አሉ። ተቃውሞ ያለው መንገድ ይዘጋል፣ እዚህ የተለመደ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ቆምን።

ትንሹ ልጄ ራሱን ያዘ። ከዚያ አስታወከ። ነርስ ነኝ፣ ከፍታው መሆኑን አወቅሁ። መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ግን በየት? ውሃ አጠጣሁት። ካፖርቴን አለበስኩት። ጸለይኩ። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ነበሩ፣ ሁለት ጉንጉን ጸጉር፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ባርኔጣቸው ጭናቸው ላይ። ምንም ሳይሉ ከጀርባቸው ያዘሉበትን ባለመስመር ጨርቅ ፈቱና ልጄን ጠቀለሉት። «አጉዋዮ» ነው የሚባለው። ልጅም፣ ድንችም፣ ፍራሽም የሚታዘልበት። የበግና የጭስ ሽታ ነበረው። እንደ እናቴ ጋቢ።

ከዚያ ከፔርሙሳቸው ሙቅ ውሃ ቀዱ። ከትንሽ ከረጢት አረንጓዴ ቅጠል አውጥተው ጣሉበት። ኮካ ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሶዶ ውስጥ በጫት ከተበላሹ ወጣቶች ጋር ስንት ዓመት ሠርተናል። ቅጠል ሳይ የማስበው ያንን ነው። እሳቸው ኩባያውን ዘርግተው ጠበቁ። ባለቤቴ ወስዶ ለልጁ ሰጠው። ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጣ። ስለ ጫት ያለኝ አቋም አልተለወጠም። ከዚህ ቅጠል ኮኬይን እንደሚሠራም አውቃለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ግን ኮካ የብርድና የራብ ጓደኛ ነው፣ ሕገ መንግሥታቸውም እንደ ቅርስ ይጠብቀዋል። ከጫት ጋር አንድ አድርጌ ልፈርድ አልችልም። የዚያን ሌሊት ልጄ ተኛ። ሻዩ ይሁን ጨርቁ አላውቅም።

ሲነጋ እናቲቱ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። «ጣንታ» አሉት።

ልጄ «ጣንታ» አለ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «እስቲ ድገመው» አሉት። ደገመው። ጠንካራ፣ ጥርት ያለ «ጣ»። ጮክ ብለው በኬችዋ ለሌሎቹ ነገሩ። አንዱ ከፊት ዞሮ «ጫኪ በል» አለው። ደረቅ ማለት ነው። «ጫኪ» አለ። «ቻኪ በል»። እግር ማለት ነው። «ቻኪ» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነጋገረ ሰው ነው። ከዚያ እኔም ተጠየቅሁ፣ ባለቤቴም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ። ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። ስፓኒሽ የሉትም። ኬችዋ አሉት። አሥር ወር ሙሉ ቁልፍ ስንፈልግ እኛው ይዘነው ነበር።

ላ ፓዝ ደረስን። መሥሪያ ቤቱ የልጆቹ ፎቶ ጀርባው ቀይ መሆን አለበት ብሎ መለሰን። በማግስቱ ጨረስን።

የተመለስን ቀን አያቴን አሰብኩ። የኤስ አይ ኤም (የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን) ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ሲገቡ አያቴ ልጅ ነበረች። እግዚአብሔር በወላይትኛ «ጦሳ» ነው። ፈረንጆቹ መጀመሪያ «ቶሳ» ይሉ ነበር ትለን ነበር። ልጆቹ እየሮጡ ያርሟቸዋል። ፈረንጆቹ አልተቆጡም። ደግመው ደጋግመው ሞከሩ። ጣልያን በ1937 ሲያስወጣቸው የተዉት አማኝ ትንሽ ነበር፣ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው፣ የመሰከረው የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ ነበርና። እዚህ ቦሊቪያ ደግሞ በ1907 የተጀመረ ለኬችዋዎች የቆመ ሚሽን ነበር። በ1982 ከዚያው ከኤስ አይ ኤም ጋር ተዋሐደ። ይህንን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ባለቤቴን ጠራሁት።

የስፓኒሹን ትምህርት አላቋረጥንም። ግን ረቡዕና ቅዳሜ ካንቻ እሄዳለሁ። ካንቻ የኮቻባምባ መርካቶ ነው። ድንቹ ብቻ ዓይነቱ አያልቅም። እዚያ ሻጭ ገዢን «ካሴራ» ይላል፣ ገዢም ሻጭን «ካሴራ» ይላል። ልክ እንደ እኛ «ደንበኛ»። ገዝተህ ስትጨርስ «ያፓ» ትጠይቃለህ፣ ምርቃት ማለት ነው። አንድ ቲማቲም፣ አንድ እፍኝ ሰላጣ ይጨመርልሃል። ያፓ የጠየቅሁ ቀን ነው እንግድነቴ የቀነሰው። ሎኮቶ የሚባለውን በርበሬ ከቲማቲም ጋር ድንጋይ ላይ ፈጭተው የሚሠሩት «ልያኽዋ» ደግሞ የዳታ ዘመድ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሬ ቤት ሠርቼዋለሁ፣ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር በልቶ ጨረሰ።

ዳቦ የምገዛቸው ዶኛ (እዚህ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው) የአራኒ ዳቦ ይሸጣሉ። ትልቅና ክብ ነው፣ ድፎ ያስታውሰኛል። ኬችዋ ያስተምሩኛል። ላስተማሩበት ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡ። «ያንን ቡናሽን አምጪ» አሉኝ። የኢትዮጵያ ቡና ቆልቼ አንድ ቀን አቅምሻቸው ነበር። እዚህ ቡና የሚያበቅል አገር ላይ ሆነው ብዙዎቹ የሚጠጡት በቆርቆሮ የታሸገ የቡና ዱቄት ነው፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አሁን ፔርሙስ ይዤ እሄዳለሁ። ዳቦ በሌለበት ቅርጫት ላይ እቀመጣለሁ።

«ጣንታ» ዳቦ ነው። ያንን ተወጥቼዋለሁ። «ታንታ» በለስላሳው የተሰበሰበ ነገር ነው። ሦስተኛው ግን ይከብደኛል። ያው ታንታ ነው፣ ግን ከ«ታ»ው ጋር ትንፋሽ ይወጣል፣ ያረጀ የተቀዳደደ ልብስ ማለት ነው። እሳቸው መዳፌን ይይዙና አፋቸው ፊት ያደርጉታል። ይላሉ። ሙቅ ትንፋሽ መዳፌ ላይ ያርፋል። ከዚያ መዳፌን ወደ እኔ አፍ ያዞሩታል።

«በይ» ይሉኛል።

እላለሁ። ትንፋሹ ገና አልመጣም። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ዶኛ ጣታቸውን ለሰዎቹ ከፍ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ቆዩ እንደማለት፣ መዳፌንም እንደገና ወደ አፌ ያስጠጉታል።