የቀሃ ወንዝ ድንጋይ ላይ ያለው ቡናማ ነገር

ወንዝ ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዳያቶምን በእግሩ ያውቀዋል። ድንጋይ ስትረግጥ የሚያሟልጭህ ያ ቡናማ ስስ ሽፋን በአብዛኛው እሱ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ጎንደር ቀሃ ወንዝ ውስጥ ስረግጠው ኖሬያለሁ። ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ግን አምና ጥቅምት ላይ ነው።

ማይክሮስኮፔ ተማሪ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። 4፣ 10 እና 40 እጥፍ የሚያጎሉ ሦስት ሌንሶች አሉት። መብራቱ በባትሪም ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ሥራዬ አይቋረጥም። ፎቶ የማነሳው በስልኬ ነው።

ዳያቶም አንድ ሴል ብቻ ያለው አልጌ ነው፤ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። በምድር ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉ የነሱ ሥራ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ቤታቸው ነው። የሚሠሩት ከሲሊካ፣ መስታወት ከሚሠራበት ነገር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይገጠማል። ሞሰብን ከነክዳኑ አስቡት። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አንዱ ልጅ ክዳኑን፣ ሌላው ታችኛውን ይወስዳል። ሁለቱም የጎደላቸውን ከውስጥ በኩል ይሠራሉ። ታችኛውን የወሰደው እሱኑ ክዳን ስለሚያደርገው ከወላጁ ትንሽ ያንሳል። እንዲህ ትውልድ በትውልድ እያነሱ ይሄዱና ተዋልደው እንደገና ትልቅ መጠናቸውን ያገኛሉ። ይህን ሳውቅ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

ለቀማው ቀላል ነው። ውሃ የሚፈስበት፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ እመርጣለሁ። አምስት ድንጋይ አወጣና ላያቸውን በጥርስ ብሩሽ ሳህን ላይ እፈገፍጋለሁ። የወጣውን ቡና የመሰለ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ እጨምራለሁ። ሃይላንዱ ላይ ቀኑንና ቦታውን ወዲያው እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ አካባቢ ይህን ባለማድረጌ ሁለት ናሙና የት እንደለቀምኩት ጠፍቶብኝ ደፋሁት። ክረምት ላይ ባትለፉ ይሻላል። ጎርፉ ድንጋዩን ጠርጎ ስለሚወስደው የሚገኘው ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለኔ ምርጡ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በባዶ እግር አትግቡ። በወንዝ ቀንድ አውጣዎች በኩል የሚመጣው ቢልሃርዚያ በቆዳ አልፎ ነው የሚገባው። የጎማ ቦቲና ጓንት ያስፈልጋል። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እንዶድ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያስተዋሉት ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር፤ በ1964 እ.ኤ.አ.። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ማየት ስንት ነገር እንደሚያሳይ ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም።

የመጀመሪያ ፎቶዎቼ አስቀያሚ ነበሩ። ቡናማ ጉድፍ እንጂ ቅርጽ አይታይም። ጥፋቱን በስልኩ አሳብቤ ሌላ ልገዛ ነበር። ችግሩ ግን እጥበቱ ላይ ነበር። የቅርፊቱን፣ የዚያን የሲሊካ ቤት፣ ቀዳዳና መስመር ለማየት ውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ መውጣት አለበት።

በበረኪና ጀመርኩ። ጭቃው ነጣ፣ ደስ አለኝ፣ ሦስት ቀን ተውኩት። ሳየው ስስ ስሶቹ ተበልተው ጠፍተዋል። በረኪና ብዙ ከቆየ ሲሊካውንም ያሟሟል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አሁን የምጠቀመው ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ቀርፋፋ ነው። ናሙናው ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ሳምንት ይቆያል፣ በየሁለት ቀኑ ፐሮክሳይዱን እቀይራለሁ። ክዳኑን አላጠብቅም፤ አንዴ አጥብቄው በጋዙ ተፈናጥሮ የለቀምኩት ሁሉ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ ቡና ማፍላት የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። ጀበናውን ሳያሰክን የሚቀዳ ሰው አተላ እንደሚጠጣ ሁሉ፣ ሳታሰክን ውሃውን ከደፋህ ዳያቶሞቹ አብረው ይሄዳሉ። ማታ ውሃ እጨምራለሁ፣ ጠዋት ላዩን ቀስ ብዬ አፈሳለሁ። ስድስት ጊዜ። የመጨረሻዎቹን ሁለት በቧንቧ ውሃ አላጥብም። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ጨው ስለሚተው ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይበላሻል። ጋራዥ አካባቢ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ለዚህ ይበቃል፤ የተጣራ ውሃ መሆኑን፣ አሲድ አለመሆኑን ግን ጠይቃችሁ ግዙ።

ስላይድ ስሠራም አንድ ስህተት ነበረብኝ። ጠብታውን የማደርቀው ወፍራሙ መስታወት ላይ ነበር። ጠብታው መድረቅ ያለበት ስሱ መሸፈኛ መስታወት ላይ ነው። ሲደርቅ ገልብጦ ወፍራሙ ላይ ማስቀመጥና ጠርዙን በጥፍር ቀለም ማሸግ። ቅርፊቶቹ ከመስታወቱ ሥር ተጣብቀው ለሌንሱ ሲቀርቡ ምስሉ ይጠራል። ዙሪያቸው አየር መሆኑም ይረዳል፤ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ብርሃኑ ብዙም ሳይታጠፍ ስለሚያልፍ ይደበዝዛሉ። ጠብታው ደግሞ አጓት ከመሰለ በዝቷል፤ ቅርፊቶቹ ይደራረባሉ። በደንብ አቅጥኑት።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን አንድ ቁራጭ ጥቁር ካርቶን ነው። ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ ሥር የመብራቱን ግማሽ ሸፈንኩበት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጠፍጣፋ የነበረው ቅርፊት ጥላ አገኘና እንደ ተቀረጸ ድንጋይ ብቅ አለ። ናቪኩላ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ በላቲን ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። ለኔ ግን የጣና ታንኳ ነው። ሁለቱ ጫፎች ሾጠጥ ብለዋል፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ እንደ ጥልፍ የተሰለፉ መስመሮች። በሕይወት ሳለ በዚያች ስንጥቅ በኩል በሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል።

መጠኑንም ለካሁት። የዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚታየው ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ በሌንሱ እጥፍ ይካፈላል። 18ን ለ40 ሳካፍል የማየው ክብ 0.45 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ 450 ማይክሮን ማለት ነው። ታንኳዬ የክቡን አንድ አሥረኛ ያህል ይዛለች። 45 ማይክሮን ገደማ። ስታነሱ የስልኩን የሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ የጣት ንክኪ ብቻውን ፎቶውን ያደበዝዛል።

ጥር ላይ ከሁለት ቦታ ለቀምኩ። አንዱ ከፋሲል መዋኛ በላይ፣ ሌላው ወንዙ ከተማውን ካለፈ በኋላ። ከላይኛው ብዙ ዓይነት አገኘሁ፤ ታንኳ፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ከድንጋዩ ጋር በግንድ የሚያያዝ አንድ በኩል የወፈረ። ከታችኛው ግን ብዛቱ የአንድ ዓይነት ነበር፣ ቀጭንና ረጅም፣ ኒትሺያ የሚመስል። ከዚህ ወገን ውስጥ ቆሻሻ የሚችሉ ብዙ ናቸው። ልቤ አዘነ። ይህ ወንዝ ለጥምቀት መዋኛውን የሚሞላው ነው።

ከላይኛው ቦታ ልብስ የሚያጥቡ እናት ሁልጊዜ ያዩኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብለውኝ ነበር። ባለፈው ፎቶዎቹን ይዤላቸው ሄድኩ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ስልኩን ተቀበሉኝ። አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄ ሁሉ እኔ የማጥብበት ድንጋይ ላይ ነው?»

«አዎ እማማ፣ እዚሁ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ዳበሱት።