ግማሽ የተባለው ሐኪም

አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን (ሐኪሞች ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠሩ የሚሠለጥኑባቸውን) በጀት የምይዘው እኔ ነኝ። ይህ ነገር ካለፈ ቆይቷል፤ ባነሣሁት ቁጥር ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከአእምሮ ሕክምና ፕሮግራማችን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት በቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሌላ ግዛት ሄደችና ቦታዋ ክፍት ሆነ። ከአመልካቾቹ መካከል በሌላ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ሁለት ዓመት የሠራ ሐኪም ነበር። የፕሮግራሙ ዳይሬክተር አነጋግረውት በጣም ወደዱት። ከሠራው ውስጥ አንዱ ዓመት ስለሚያዝለት ከእኛ ጋር የሚቀረው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የጎደለው የፋይናንስ ኃላፊው ፊርማ ነበር።

ኃላፊው ማኅደሩን ተቀብለው የሥራ ታሪኩንም ሆነ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ሳያዩ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄዱ። ሜዲኬር፣ በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ለሬዚደንቱ ሥልጠና ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ስሌት ያለው እዚያ ነው።

«ይህማ ግማሽ ሰው ነው» አሉ። «ለግማሽ ሰው ሙሉ ደመወዝ የምንከፍለው ለምንድን ነው?»

ዳይሬክተሯ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔም ደሜ ፈላ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሌሊት ሕሙማን ሲያድን ያደረ ሐኪም በአንድ ዓምድ ቁጥር ሲጠራ ዝም ብዬ መስማት አልቻልሁም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሜዲኬር ሬዚደንትን እንደ ሙሉ ሰው የሚቆጥረው መጀመሪያ የገባበት ሙያ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የሥልጠና ዘመን እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ 0.5 ይሆናል። የውስጥ ደዌ ዘመን 3 ዓመት ነው፤ ሐኪሙ ሙያ ቢቀይርም አይራዘምለትም። ስለዚህ ይህ ሰው ከእኛ ጋር በሚያሳልፈው የመጀመሪያ ዓመት ሙሉ ነው፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይገመሳል።

«ሐኪሙ ሙሉ ነው» አልኋቸው። «የሚገመሰው ሜዲኬር ከሚከፍለን ሁለት ክፍያዎች አንዱ፣ ቀጥተኛው ነው። ሌላው፣ ተዘዋዋሪው፣ አይነካም። እርስዎ የያዙት ገጽ የሚያሳየው አንዱን ብቻ ነው።»

ቀጥተኛው ክፍያ የሚሰላው የሆስፒታሉ የአንድ ሬዚደንት ተመን በሬዚደንቶች ቁጥር፣ ከዚያም የሜዲኬር ሕሙማን ከጠቅላላው የመኝታ ቀናት ባላቸው ድርሻ ተባዝቶ ነው። የእኛ የሜዲኬር ድርሻ ከግማሽ በታች ስለሆነ 0.5 የሚያሳጣን ከተመኑ ሩብ እንኳ አይሞላም። ተዘዋዋሪው ክፍያ በሬዚደንትና በአልጋ ንጽጽር የሚወሰን ነው፤ ለ100 አልጋ 10 ሬዚደንት በተጨመረ ቁጥር ሜዲኬር ለተኝቶ ታካሚ የሚከፍለው ላይ በግምት 5.5 በመቶ ይጨመራል። እዚያ ስሌት ውስጥ 0.5 የሚባል ነገር የለም። ሙያ የቀየረውም ያልቀየረውም እኩል ይቆጠራል። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ገንዘብ እሱ ነው።

ኃላፊው ጥቂት አሰቡና «ቦታው ባዶ ቢቀር ደመወዙን እናተርፋለን» አሉ።

ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ባዶ ቦታ ትርፍ የሚመስለው የዚያን ዓመት የደመወዝ መደብ ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። የሬዚደንቶች ቁጥር የሚወሰደው በሦስት ዓመት አማካይ ስለሆነ የዘንድሮው ጉድለት ሁለት ዓመት ይከተለናል። የአልጋ ንጽጽሩም ካለፈው ዓመት በልጦ አይያዝም፤ ዘንድሮ ከወረደ በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን ብንሞላ እንኳ በወረደው እንከፈላለን። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ ሜዲኬር በሚቆጥራቸው ሬዚደንቶች ላይ ከተጣለብን የቁጥር ጣሪያ በታች ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ቦታቸውን ካልሞሉ ብዙ ሆስፒታሎች ላይ ያልተጠቀሙበትን 65 በመቶ ወስዶ ለሌሎች አከፋፍሏል። ይህን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው።

ዳይሬክተሯም ስለ ድንገተኛ ክፍሉ የሌሊት ተረኝነት ተናገሩ። አንድ ሰው ሲጎድል ሌሊቱ ለቀሩት ይከፋፈላል፤ የቀሩት ደግሞ በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድላቸውም። ለተረፈው ሌሊት ስፔሻሊስት በተጨማሪ ክፍያ ይጠራል። «ተረፈ የሚሉት ደመወዝ እዚያ ነው የሚሄደው» አሉ።

ኃላፊው ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ወደ እኔ ዞረው «በጽሑፍ አቅርቢልኝ» አሉ።

በዚያው ቀን ጽፌ ሰጠሁ። ሐኪሙ ሌላ ፕሮግራም እንደተቀበለውና መልስ የሚጠብቁበት ቀን እንዳለ ስለነገረን ቀኑን በደብዳቤው ራስጌ ላይ በደማቁ አሰፈርሁት። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ቆየ። ቀኑ አለፈ። ፊርማው ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ሌላው ሆስፒታል ሄዷል፤ ቦታችንም አዲሱ የሥልጠና ዓመት በሐምሌ እስኪጀምር ባዶውን ከረመ።

በተከታዩ የበጀት ስብሰባ ኃላፊው በሰው ፊት «የአእምሮ ሕክምና ቁጥር ለምን ወረደ?» ብለው ጠየቁ። ደብዳቤውን ከነቀኑ አውጥቼ አቀበልኋቸው። አነበቡት፤ መለሱልኝ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ከዚያ ወዲህ የስሌቱ ገጽ ከአመልካች ማኅደር እንዲወጣ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። መራጭ ኮሚቴው ሐኪሙን ከወሰነ በኋላ፣ ቀጥተኛውና ተዘዋዋሪው ጎን ለጎን ተጽፈው ለፋይናንስ ይቀርባሉ። እኔ ግን ዛሬም ቃለ መጠይቁ ሳይደረግ በፊት አሰላለሁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሥራዬ ነው።

በሌላ ጊዜ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ደግሞ ቦታ ተለቀቀ። የተመረጠው ወጣት መጀመሪያ ለነርቭ ሕክምና ተመድቦ የመሰናዶውን አንድ ዓመት የጨረሰ ነበር። የነርቭ ሕክምና ዘመን 4 ዓመት ስለሆነ ሦስቱንም ዓመት ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። ኃላፊው ገጹን አይተው «ይህኛው ሙሉ ነው» አሉና ወዲያው ፈረሙ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በመምጣቱም ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ሐኪም ግን ከእሱ አንድ ዓመት የበለጠ ልምድ ነበረው።