የድመቶቹ ቀበሌ

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የሕዝብ የእንስሳት መጠለያ እንግዳ መቀበያው ላይ እሠራለሁ። እንግዶቼ ውሻና ድመት ናቸው። የመጠለያውን ስም ተዉት፤ አንድ ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) እና ጎረቤቱ የሆነ ከተማ በጋራ የሚያስተዳድሩት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ እያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ የሕዝብ መጠለያ ሊኖረው ግድ ነው፤ ለየብቻ መገንባት ግን ግድ አይደለም። እዚህ ደግሞ ከተማ የካውንቲ አካል አይደለም፤ ራሱን የቻለ አስተዳደር ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ግቢ፣ አንድ ሐኪም፣ ቀኑን ሙሉ ፎጣ የምታጥብ አንዲት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጋራሉ።

ወጪውን የሚካፈሉት እንዲህ ነው። ደመወዝ፣ መብራትና የሕንፃ ጥገና በሕዝብ ብዛት ይከፈላል፤ ኬጁ ባዶ ቢያድርም መብራቱ ይቆጥራላ። ምግብ፣ ክትባትና መድኃኒት ደግሞ ከየአስተዳደሩ በመጣው እንስሳ ቁጥር። እንስሳው ከየት እንደመጣ የምትመዘግበው እኔ ነኝ። ሥራ ስጀምር ይህን ሁሉ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሐምሌ ላይ፣ ድመት በየጥጉ በሚወልድበት ሰሞን፣ አንድ ሐበሻ ሹፌር የሙዝ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ውስጡ ዓይናቸው ገና የተገለጠ ስድስት ግልገሎች በአሮጌ ሹራብ ላይ ተደራርበው ይንጫጫሉ።

«እህቴ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ቆሻሻ መጣያው ሥር አገኘኋቸው። እናታቸውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣችም። መኪናዬን ያለቦታው ነው ያቆምኩት፣ ቶሎ በይልኝ።»

መንጃ ፈቃዱን ተቀበልኩ፤ አድራሻው ላይ የከተማው ስም አለ። «ከተማ» ብዬ መዘገብኩ። ስድስት ግልገል፣ ስድስት መስመር። በሒሳቡ አንድ ካርቶን ሳይሆን ስድስት ራስ ነው።

ጥቅምት ላይ የከተማው ሒሳብ ሠራተኛ የሩብ ዓመቱን የክፍያ መጠየቂያ ይዞ መጣ። ግማሹን በቢጫ አስምሮበታል። አለቃዬ ጠርታኝ ካርታውን በስክሪኑ ላይ ከፈተች። የከተማው ወሰን ቀይ መስመር ነው፤ የሹፌሩ አፓርታማ ከመስመሩ ውጭ፣ ካውንቲው ውስጥ ቁጭ ብሏል። አድራሻው ላይ ያለው የከተማ ስም የፖስታ ቤት ነው እንጂ የአስተዳደር ወሰን አይደለም።

የሚያናድደው ይህን ማወቄ ነው። እኔ ራሴ ደብዳቤዬ በጎረቤቱ ከተማ ስም «አሌክሳንድሪያ» እያለ ይመጣልኛል፤ ልጆቼን የማስተምረው ግን በፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው። ለልጆቼ የማውቀውን ለድመት ረሳሁት።

ጣጣው በአንድ ሩብ ዓመት አያበቃም ነበር። የሚቀጥለው በጀት የሚሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ስለሆነ፣ የኔ ስድስት ድመቶች ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ካዝና ሲቧጥጡ ሊኖሩ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሌላም ነገር አነሳ፦ ሰው የነከሰ ውሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትትል 10 ቀን ይቆያል፤ በክስ ጉዳይ የተያዘ ደግሞ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱም እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ በማግስቱ ባለቤቷ መጥቶ እንደወሰዳት ድመት። በቀን መቁጠር አይሻልም ወይ? አለ። አለቃዬ ዝም አለች። እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልኩ፤ ግን በዚያ ሰዓት አስተያየት የሚሰጥ አፍ አልነበረኝም።

ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቀረሁ መዝገቡን ወደኋላ ማገላበጥ ጀመርኩ። ግራ ሲገባኝ እደውላለሁ። ሹፌሩ ጋ ስደውል እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ጨነቀኝና፣

«ወንድሜ፣ የመኪና ግብርህን ለማን ነው የምትከፍለው?» አልኩት።

«ለካውንቲው! ኧረ ከፍያለሁ እህቴ፣ ደረሰኙም አለኝ!»

ቨርጂኒያ የኖረ ሰው የመንደሩን ወሰን ባያውቅ እንኳ የመኪና ግብር ማን እንደሚያስከፍለው አይስተውም። በዚህ ጥያቄ ብዙ መስመር አቃናሁ። በኋላ ግን እሱም እንደማያስተማምን አየሁ፤ አንዲት የከተማው ነዋሪ ያመጣችውን ውሻ ያገኘችው ካውንቲው ፓርክ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የሚቆጠረው እንስሳው የተገኘበት ቦታ እንጂ ያመጣው ሰው ቤት አይደለም። አሁን መጀመሪያ «የት መንገድ ላይ አገኙት?» እላለሁ፣ ከዚያ ካርታ፣ መታወቂያ መጨረሻ ላይ። አለቃዬም አድራሻን አይቶ ከተማውን በራሱ የሚሞላውን ሳጥን ከፎርሙ አስወጣችው። በቀን የመቁጠሩ ነገር አሁንም በሁለቱ ጠበቆች እጅ ነው።

ሹፌሩ ከሳምንት በኋላ መጣ። ግልገሎቹ ሁሉም ቤት አግኝተው ሄደው ነበር። «ካልከሰሳችሁኝ አንድ ልውሰድ» ብሎ፣ ጥግ ላይ ተኮራምታ የነበረችውን ዓመት ያለፋት ግራጫ ድመት መረጠ። የጉዲፈቻውን ፎርም ሰጠሁት። «የሚኖሩበት አስተዳደር» ከሚለው ፊት፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ የከተማውን ስም ጻፈ።