መልህቁ ተንጠልጥሎ አደረ

ሐይቅ ከተማ የቤት ኪራይ ሲከብደኝ ጀልባዬ ላይ ማደር ጀመርኩ። ሸራ ወጠርኩ፣ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ የቡና ጀበና አስገባሁ። የሰፈር ልጆች «ኪራዩን ለትንኝ ልትከፍል ነው» ብለው ሳቁብኝ።

መልህቄ አሸዋ የሞላሁት ማዳበሪያ ነበር። ውሃው 12 ሜትር ይሆናል፤ 20 ሜትር ገመድ አስሬ ጣልኩት። ገመዱ ተወጠረ፣ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቀና ስል የእስጢፋኖስ ገዳም መብራት ቦታውን ቀይሯል። ገዳሙማ የትም አልሄደም። የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሐይቁ ከዳር ሲያዩት ገር ይመስላል እንጂ ጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ንፋሱ ወደ መሃል ሲገፋኝ ማዳበሪያው ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ለቋል። ስስበው እንደ ጉድጓድ ባልዲ ሰተት ብሎ መጣ።

ጥፍር ያለው የብረት መልህቅ አስበየድኩ። ጫፉ ላይ 3 ሜትር ሰንሰለት ጨመርኩበት፤ ክብደቱ ገመዱን ወለሉ ላይ ስለሚያስተኛው መልህቁ ወደ ጎን ይጎተታል እንጂ ወደ ላይ አይነቀልም። ገመዱ ደግሞ የጥልቀቱን ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን፤ 4 ሜትር ላይ ከጣልክ 20 ትለቃለህ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሌላ ገመድ ዳር ካለ ዛፍ ጋር ማሰሬ ነው። ለምን መጀመሪያ እንዳልታየኝ እንጃ።

የፕሮፔለሩ ባሰ። አንድ አመሻሽ ስመለስ ሞተሩ አጓራና ዝም አለ። መረብ ጠልፌያለሁ። ወርዶ ማየት ነበር፤ እኔ አስነስቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁና ጋዝ ሰጠሁት። ቀጭ! ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ንቅንቅ የለም። ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል።

የመረቡ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ በታንኳ መጡ። መረቡን ልቆርጥ ቢላዋ ይዤ ስድብ ስጠብቅ «አብሽር የኔ ልጅ፤ ቢላዋውን ግን መልስ» አሉኝ። ሞተሩን ወደ ላይ አንስተው ፕሮፔለሩን በእጃቸው በግልባጩ ቀስ እያሉ አዞሩት። ክሩ ይተረተር ጀመር። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የተበጠሰው ትንሽ ነው፤ እሱንም የበጠስኩት እኔ ነኝ፣ ጋዝ ስሰጥ።

ከዚያ ብልጥ ሆንኩ። ደሴ ቶርኖ ቤት ሄጄ ጠንካራ የብረት ፒን አስቆረጥኩ። «ይሄ አይሰበርም» አለኝ ባለሙያው። እውነቱን ነው። በሳምንቱ ድንጋይ ስመታ ፒኑ አልተሰበረም፤ የሞተሩ ጥርስ ረገፈ። የድሮው ፒን ለስለስ ያለው ለካ እንዲሰበር ነው፣ እንደ ፊውዝ። የጥገናው ዋጋ የሸሸሁትን ኪራይ የስንት ወር ዋጠው! አሁን 5 ትርፍ ፒንና አንድ ፒንሳ በቆርቆሮ አድርጌ ሞተሩ አጠገብ አስሬያለሁ።

ሽማግሌው መረባቸው ጫፍ ላይ ቢጫ ጀሪካን ማሰር ጀምረዋል። ለእኔ ሲሉ እንደሆነ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራሉ።